የጥናት ጥራት በድምር ነጥብ አይመዘንም፦ ለሕክምና መመርመሪያዎች ምዘናና ምርጫ ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሕክምና መመርመሪያዎች ምዘናና ምርጫ ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ የምርመራ ጥናቶች ጥራት በድምር ነጥብ እንዲመዘን የተላለፈው ውሳኔ እንደገና እንዲታይ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የኮሚቴው ሰብሳቢና አባላት፤

እኛ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው፣ ኮሚቴው አንድ መመርመሪያ ሥራ ላይ እንዲውል ከመፍቀዱ በፊት ስለዚያ መመርመሪያ የታተሙትን ጥናቶች እያነበብን የትኛው እንደሚታመን፣ የትኛው ደግሞ ከአሠራሩ የተነሣ ሊታመን እንደማይችል በጽሑፍ የምናቀርብ ገምጋሚዎች ነን። አብዛኞቻችን ከላቦራቶሪ፣ ከፓቶሎጂና ከክሊኒክ ሥራ የመጣን ስንሆን የቀረነው የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ነን። በቅርቡ በወጣው መመሪያ መሠረት እስካሁን በአራት ዘርፍ ተከፍሎ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያነቡት የነበረው ጥናት፣ ከእንግዲህ በአንድ ሰው፣ በአንድ ገጽ ቅጽ፣ ከ14 በሚሰጥ ነጥብ እንዲመዘን ተወስኗል። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ጥናት «ጥሩ» ይባላል፤ ያወጣውም ቁጥር ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ለውሳኔ ይቀርባል። ቅሬታችንን አስቀድመን በውስጥ ደብዳቤ አቅርበን ነበር። የተሰጠን መልስ «ሥራውን ለማቀላጠፍ ነው» የሚል ብቻ ሆነ። ጉዳዩ ግን የእኛ የሥራ ድርሻ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በእነዚህ መመርመሪያዎች ውጤት መድኃኒት የሚጀመርለትንና «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ሕመምተኛ ሁሉ ይነካል። በግልጽ ለመጻፍ የተገደድነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ድምሩ ራሱ ነው። በአዲሱ ቅጽ ላይ የሰፈሩት 14 ጥያቄዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣውና ኳዳስ ተብሎ ከሚጠራው መመዘኛ የተወሰዱ ናቸው። መመዘኛውን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ግን መልሶቹ ተደምረው አንድ ነጥብ እንዲወጣባቸው አላሰቡም። እንዲያውም በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ያንኑ የጥናት ስብስብ በተለያየ የነጥብ አሰጣጥ ቢመዝኑት «ጥሩ» የሚባሉትም «ደካማ» የሚባሉትም ጥናቶች እንደ አሰጣጡ እንደሚለዋወጡ አሳይተው፣ የድምር ነጥብ ለዚህ ሥራ ቦታ እንደሌለው ደምድመዋል። በ2011 የወጣው ተተኪው ኳዳስ-2 ደግሞ ጥያቄዎቹን በአራት ዘርፎች አደራጅቷቸዋል፤ እነርሱም የተሳታፊዎች አመራረጥ፣ የሚጠናው ምርመራ፣ ማመሳከሪያው ምርመራ (የሚጠናው ምርመራ ትክክል መሆኑ የሚፈተሽበት ይበልጥ የሚታመን መንገድ)፣ እንዲሁም የተሳታፊዎች ፍሰትና የጊዜ አወሳሰድ ናቸው። ገምጋሚው በእያንዳንዱ ዘርፍ የመዛባት ሥጋቱ፣ ማለትም ውጤቱ ከአሠራሩ የተነሣ ከእውነቱ የማፈንገጡ ሥጋት፣ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ ወይም ግልጽ ያልሆነ መሆኑን ከነምክንያቱ ይጽፋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘርፎች ላይ ደግሞ ጥናቱ ከቀረበልን ጥያቄ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም ለብቻው ይፈርዳል። ኮሚቴው እስካሁን ሲሠራበት የነበረው ይህ ሆኖ ሳለ፣ አዘጋጆቹ ራሳቸው አሻሽለው ወደተዉት ቅጽ መመለሱ፣ በዚያም ላይ እነርሱ ያልፈቀዱትን መደመር መጨመሩ አስገርሞናል።

መደመሩ ለምን እንደሚጎዳ በአንድ ጉዳይ እናሳይ። የአምራቹንም ሆነ የጥናቱን ስም አናነሣም፤ አሠራሩን ለማሳየት ስም አያስፈልግም። በአዲሱ ቅጽ ካለፉት ሰነዶች አንዱ፣ የቆሽት ካንሰርን በደም ይለያል ስለተባለ ምርመራ የቀረበ ነው። በአንድ ወገን፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ተኝተው የነበሩ፣ ካንሰራቸው በባዮፕሲ የተረጋገጠ፣ አብዛኞቹም በሽታው የገፋባቸው ሰዎች ተመረጡ፤ በሌላ ወገን ደም ሊለግሱ የመጡ ጤነኞች ተመረጡ። ምርመራው ሁለቱን ወገኖች አንድም ሳይቀላቅል ለየ ለማለት ይቻላል። ታዲያ ይህ ምን ያስደንቃል? እነዚህን ሁለት ዓይነት ሰዎች ለመለየት የደም ምርመራ ቀርቶ የጤና ባለሙያ መሆንም አያስፈልግም። ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ሌላ ነው። ወደ እርሱ የሚመጣው ሰው ክብደቱ ቀንሶ፣ ሆዱን እያመመው፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው፤ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ የቆየ የቆሽት ብግነት ሊሆን ይችላል፣ ጠጠር የሐሞት ቱቦውን ዘግቶበትም ሊሆን ይችላል። ለዚህ ካንሰር ከሚለኩት የደም ጠቋሚዎች መካከል የሐሞት ቱቦ በመዘጋቱ ብቻ ከፍ የሚሉ እንዳሉ ደግሞ የታወቀ ነው። በጥናቱ ውስጥ ግን ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ነገር ግን ካንሰር የሌለበት አንድም ሰው አልተካተተም። ስለዚህ ስፔሲፊሲቲ ተብሎ የቀረበው፣ ማለትም በሽታው ከሌለባቸው ሰዎች መካከል ምርመራው በትክክል «የለም» ያላቸው ሰዎች ድርሻ፣ የሚናገረው ስለ ደም ለጋሾች ነው፤ ምርመራው ስለሚታዘዝላቸው ሕመምተኞች የሚነግረን ነገር የለም።

ይህ ጥናት ከ14 11 ነጥብ አግኝቶ አልፏል። በተሳታፊዎች አመራረጥ ላይ ነጥብ አጥቷል፤ ሆኖም የኪቱን አሠራር በዝርዝር በመግለጹ፣ የማመሳከሪያውን አፈጻጸም በዝርዝር በመግለጹ፣ ከጥናቱ የወጡ ተሳታፊዎችንም በማስረዳቱ ያጣውን መልሶ አግኝቷል። ኪቱ በስንት ዲግሪ እንደተቀመጠ በጥንቃቄ መጻፍ ጥሩ ነገር ነው፤ የተሳሳቱ ሰዎች መመረጣቸውን ግን አያካክስም። መሠረቱ የፈረሰ ጥናት በሌላ በኩል ባለው ንጽሕና አይቃናም፤ ድምሩ የሚለው ግን ይቃናል ነው።

ይህ ስሕተት ዛሬ የተገኘ ቢሆን ኖሮ ኮሚቴውን ባልወቀስን ነበር። በ1969 ሲኢኤ የተባለው የደም ጠቋሚ የትልቁ አንጀት ካንሰር ባለባቸው ሕመምተኞች ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል ከፍ ብሎ መገኘቱ በተነገረ ጊዜ ታላቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር። በኋላ በሽታው ገና የጀመራቸው ሰዎች ሲመረመሩ የብዙዎቹ ውጤት ዝቅተኛ ሆነ፤ የጉበት ሕመም ያለባቸውና ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ሲመረመሩ ደግሞ ካንሰር ሳይኖርባቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ዛሬ ሲኢኤ የሚጠቅመው በሽታው ታውቆ የታከመን ሰው ለመከታተል ነው፤ ጤነኛ ከሚመስል ሕዝብ መካከል በሽተኛን ለመልቀም አይታዘዝም። ይህ ታሪክ በ1978 በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ተተንትኖ፣ የተሳታፊዎች ስብጥር የምርመራን ብቃት እንዴት እንደሚያሳብጥ ለዓለም ትምህርት ሆኗል። በ1999 ደግሞ ጃማ በተባለው መጽሔት የታተመ ትንተና፣ 218 የምርመራ ግምገማዎችን የያዙ 184 ጥናቶችን አነጻጽሮ ጉዳቱን በቁጥር አስቀመጠው። የታወቁ በሽተኞችንና ጤነኞችን ለየብቻ መርጠው ያነጻጸሩ ጥናቶች፣ በክሊኒክ የሚመጡትን ሰዎች ሳይመርጡ ካጠኑት ጋር ሲተያዩ፣ የምርመራውን የመለየት ብርታት በሚያሳየው ዳያግኖስቲክ ኦድስ ሬሾ 3 እጥፍ ያጋነኑ ሆነው ተገኙ። ምርመራው ፖዘቲቭ ላለውና ኔጌቲቭ ላለው ሰው የተለያየ ማመሳከሪያ የተጠቀሙት 2.2 እጥፍ አጋነኑ፤ አንባቢዎቹ የሌላውን ምርመራ ውጤት እያወቁ ያነበቡባቸው ደግሞ 1.3 እጥፍ። እነዚህ ሦስት ጉድለቶች በአዲሱ ቅጽ እኩል አንድ አንድ ነጥብ ብቻ ያስቀንሳሉ።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ማመሳከሪያው ነው። አንድ ምርመራ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ከእርሱ በተሻለ በሚታመን ሌላ መንገድ፣ በካልቸር፣ በባዮፕሲ፣ በፒሲአር ወይም በቆየ ክትትል ሲመሳከር ነው። ማመሳከሪያው ውድ ወይም ሕመም ያለው ሲሆን ግን ተመራማሪዎች አዲሱ ምርመራ ፖዘቲቭ ያለውን ሁሉ አመሳክረው፣ ኔጌቲቭ ካለው ጥቂቱን ብቻ ያመሳክራሉ። ኔጌቲቭ በሆነ ሰው ላይ መርፌ ማስገባት የሚከብድ በመሆኑ ሐሳቡን እንረዳዋለን፤ ስሌቱ ግን ምሕረት የለውም።

ለምሳሌ ያህል 1,000 ሰዎችን እናስብ፤ ከእነርሱ 100ዎቹ በሽታው አለባቸው። ምርመራው ከ100ዎቹ 80ውን ያገኛል፣ 20ውን ይስታል፤ ከ900ዎቹ ጤነኞች 90ውን በስሕተት ፖዘቲቭ ይላል። እውነተኛው ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም በሽታው ካለባቸው መካከል የተገኙት ድርሻ፣ 80 በመቶ ነው፤ ስፔሲፊሲቲው 90 በመቶ ነው። አሁን ፖዘቲቭ የሆኑት 170ዎቹ ሁሉ ተመሳክረው፣ ኔጌቲቭ ከሆኑት 830 ሰዎች ግን ከአሥር አንዱ ብቻ፣ 83ቱ፣ ተመሳከሩ እንበል። ከተሳቱት 20 በሽተኞች በሰንጠረዡ የሚታዩት 2 ይሆናሉ። 80 ለ82 ሲካፈል ሴንሲቲቪቲው ከ97 በመቶ በላይ ይወጣል! ምርመራው አልተሻሻለም፤ የሳታቸው ሰዎች ናቸው ከሰንጠረዡ የጠፉት። በሌላው ወገን ስፔሲፊሲቲው 81 ለ171 ሆኖ ከ48 በመቶ በታች ይወርዳል። አዲሱ ቅጽ ይህንን ሰንጠረዥ እንድንሠራ አይጠይቀንም፤ የሚጠይቀን «ተሳታፊዎቹ ተመሳክረዋል ወይ» ብሎ ነው፤ በጥናቱ ማጠቃለያ ላይ «ተመሳክረዋል» የሚል ቃል ካለም ነጥቡ ይሰጣል። እንዲህ ባለ ቃል ያለፈ የአልትራሳውንድ ጥናት በእጃችን አለ። በውስጡ ሲነበብ፣ ኔጌቲቭ የሆኑት አብዛኞቹ ሰዎች የተመሳከሩት በስልክ «ደህና ነህ?» ተብለው በመጠየቅ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም አለ። አንዳንድ ጊዜ ማመሳከሪያው የሐኪሞች ጉባኤ ፍርድ ይሆናል፤ ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ አንድ ቁርጥ ያለ ማመሳከሪያ የሌላቸው በሽታዎች አሉና። ነገር ግን ጉባኤው ሲፈርድ የአዲሱን ምርመራ ውጤት በፋይሉ ውስጥ ካየ፣ ምርመራው በራሱ ላይ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ስለ አነባበብ ብዙ አንልም፤ አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። ፈጣን መመርመሪያዎችን በእጁ ይዞ ያነበበ ሰው ሁሉ የደበዘዘውን መስመር ያውቀዋል። ከመስኮት ብርሃን አጠገብ ሲያዩት ያለ ይመስላል፤ በጠረጴዛው ላይ መልሰው ሲያስቀምጡት የለም። ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ ኪት ይዘው፣ አንዱ «አለ»፣ ሌላው «የለም» ይላሉ። በዚህ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ የሕመምተኛው ፒሲአር ፖዘቲቭ መሆኑን የሚያውቅ ከሆነ የደበዘዘው መስመር ለእርሱ ደምቆ ይታየዋል፤ ይህ ክፋት አይደለም፣ የሰው ዓይን ጠባይ ነው። በተመሳሳይም በቁጥር የሚለካ ምርመራ ሲሆን ከስንት በላይ ፖዘቲቭ እንደሚባል አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ ተመራማሪው መረጃውን ከሰበሰበ በኋላ ያማረ ውጤት የሚሰጠውን ወሰን ይመርጣል። ያ ወሰን በሌሎች ሰዎች ላይ ሲሞከር ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ይወርዳል። የወሰኑ ጥያቄ በ14ቱ ጥያቄዎች ውስጥ ጨርሶ የለም፤ ኳዳስ-2 ግን በግልጽ ይጠይቀዋል። አሁን ባለው አሠራር ይህን ጉድለት ብናይ እንኳ የምንጽፍበት ቦታ አልተተወልንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን «ግልጽ አይደለም» ለሚለው መልስ ግማሽ ነጥብ እንዲሰጥ መወሰኑ ነው። ደካማውን አሠራሩን በሐቀኝነት የጻፈ ተመራማሪ ዜሮ ያገኛል፤ ዝም ያለው ግማሽ ያገኛል። በ14 ጥያቄዎች ላይ ስድስት ቦታ ዝም ያለ ጥናት በዝምታው ብቻ ሦስት ነጥብ ይሰበስባል ማለት ነው። የምርመራ ጥናቶች ምን ምን መግለጽ እንዳለባቸው ስታርድ የተባለው መመሪያ ከ2003 ጀምሮ ይናገራል፤ በ2015 የተሻሻለው ቅጂም 30 ነጥቦችን ይዘረዝራል፤ ተሳታፊዎች ከየት ተነሥተው የት እንደደረሱ የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ ማቅረብ ከእነርሱ አንዱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ላይ ዝም ማለት ባለማወቅ ነው ተብሎ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ዝምታው የሚደበቅበት ዋናው ቦታ ደግሞ ውጤት ያልሰጡት ምርመራዎች ናቸው። ኪቱ «ኢንቫሊድ» ሲል፣ ናሙናው ሲረጋ፣ ማሽኑ ሳያነብ ሲቀር ያ ሰው በምን ተቆጠረ? 200 በሽተኞች ተመርምረው 150ው ፖዘቲቭ፣ 20ው ኔጌቲቭ፣ 30ው ውጤት አልባ ሆኑ እንበል። 30ዎቹን ከሰንጠረዡ ካወጣናቸው ሴንሲቲቪቲው 88 በመቶ ነው፤ እንዳልተገኙ ከቆጠርናቸው 75 በመቶ ነው። የትኛው ትክክል እንደሆነ ሊከራከሩበት ይቻላል፤ 30ዎቹ መኖራቸውን ሳይናገሩ ማለፍ ግን አያከራክርም። እኛ ይህን የምናገኘው መግቢያው ላይ «ተመዘገቡ» የተባሉትን ሰዎች ቁጥር በመጨረሻው ሰንጠረዥ ውስጥ ካሉት አራት ሳጥኖች (በሽተኛ ሆኖ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ፣ ጤነኛ ሆኖ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ የሆኑ ሰዎች) ድምር ጋር በማስተያየት ነው። ቁጥሮቹ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ለጸሐፊዎቹ ደብዳቤ እንጽፋለን። ለግምገማው መዘግየት ምክንያት ተብሎ የሚነገረውም በአብዛኛው የዚህ መልስ ጥበቃ እንጂ የንባቡ ጊዜ አይደለም። ኮሚቴው የቆረጠው ንባቡን ነው፤ ጥበቃው በነበረበት ነው።

ሁለተኛው አንባቢ እንዲቀር መደረጉን በተመለከተ፣ ኮሚቴው ሁለት ሰዎች አንድን ጽሑፍ ማንበባቸውን የጉልበት ብክነት አድርጎ እንዳየው እንገምታለን። ሁለቱ አንባቢዎች ሲስማሙ በእርግጥ ብክነት ሊመስል ይችላል። ዋጋው የሚታወቀው ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ከመካከላችን አንዱ የአንድን ጥናት ተሳታፊዎች «በተከታታይ የመጡ» ብሎ ሲመዘግብ፣ ሌላዋ ባልደረባችን ከሠንጠረዥ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «በቂ ናሙና ካላቸው መካከል» የሚል ሐረግ አግኝታ አስቆመችው። በቂ ናሙና ያላቸው እነማን ናቸው? ብዙ አክታ ያላቸው፣ ማለትም ሕመሙ የጠናባቸው ናቸው። እንዲህ ዓይነቱን ሐረግ አንድ ሰው ብቻውን፣ ያውም ለመቸኮል ታዝዞ፣ ሊያልፈው ይችላል።

የመጨረሻው ቅሬታችን «ለእኛ ጥያቄ ይገጥማል ወይ» የሚለው ፍርድ ከቅጹ መውጣቱ ነው። ከመዛባት የጸዳ ጥናት እንኳ የተደረገው በሌላ ዓይነት ሰዎች ላይ ወይም በበሽታው ሌላ ደረጃ ላይ ከሆነ ለተያዘው ውሳኔ አይረዳም። የኮቪድ-19 የፀረ እንግዳ አካል መመርመሪያዎች በ2020 የታተሙ ጥናቶችን ሰብስቦ በሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት በኮክሬን ሲገመገሙ፣ አይጂጂንና አይጂኤም የተባሉትን ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካላት አጣምረው የሚለኩት መመርመሪያዎች ምልክት ከታየ በመጀመሪያው ሳምንት ሴንሲቲቪቲያቸው 30.1 በመቶ፣ በሁለተኛው ሳምንት 72.2 በመቶ፣ በሦስተኛው 91.4 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱን ያመጣው ደሙ የተወሰደበት ቀን ነው። በሦስተኛው ሳምንት የተሠራን ጥናት ይዞ በሁለተኛው ቀን ለመጣ ሕመምተኛ መመርመሪያውን የሚፈቅድ ሰው፣ ጥናቱ 14 ከ14 ቢያገኝ እንኳ ተሳስቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2011 እ.ኤ.አ. ለንግድ በሚቀርቡ የደም ሴሮሎጂ መመርመሪያዎች (በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትን በመፈለግ የሚሠሩ) ቲቢን መለየት እንዲቀር የመከረውም 94 ጥናቶችን ከነጥራታቸው አስመርምሮ ነው። በየጥናቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያወጡ መመርመሪያዎች አልጠፉም ነበር፤ ውጤቶቹ ግን ከጥናት ጥናት እጅግ ይለያዩ ነበር፣ የማስረጃው ጥራትም በጣም ዝቅተኛ ነበር። ድርጅቱ ስለ ቲቢ እንዲህ በግልጽ «አትጠቀሙ» ያለበት የመጀመሪያው ምክሩ ይህ ነበር። በወቅቱ ቁጥሩ ብቻ ታይቶ ቢሆን ኖሮ በርካታ ሰዎች ሳይታመሙ የቲቢ መድኃኒት መዋጣቸው፣ ሌሎችም ታመው ሳይታከሙ መቅረታቸው በቀጠለ ነበር።

ኮሚቴው ጊዜ እንደሚያጥረው፣ የሚጠባበቁ አመልካቾችም እንደሚገፉት እናውቃለን። አዲስ መመርመሪያ ሁሉ ይከልከልም አንልም። ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነ ኪት ቶሎ ከመግባቱ ይልቅ ግን በእጃችን ያለው ቢቆይ የሚመረጥበት ጊዜ አለ፤ የትኛው ጊዜ እንደሆነ የሚታወቀው ጥናቱ ሲነበብ ነው።

ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተሉትን እንዲፈጽም እንጠይቃለን።

የድምር ነጥቡና የ10 ነጥብ ወሰኑ ይሰረዙ፤ ግምገማው በአራቱ ዘርፎች፣ የእያንዳንዱ ፍርድ ምክንያት ተጽፎ፣ ጥናቱ ለቀረበው ጥያቄ የመግጠሙም ነገር ለብቻው ታይቶ ይቅረብ። በአንዱ ዘርፍ ብቻም ቢሆን የመዛባት ሥጋቱ ከፍተኛ የሆነ ጥናት ቁጥሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ለውሳኔ አይቅረብ።

እያንዳንዱን ጥናት ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያንብቡ፤ ያልተስማሙበት ነጥብም በሦስተኛ ሰው ከመዳኘቱ በፊት በመዝገብ ይስፈር። ጊዜ መቆጠብ ካስፈለገ ለጸሐፊዎችና ለአምራቾች የመልስ ቀን ገደብ ይወሰንላቸው፤ በቀኑ ካልመለሱ «ግልጽ ያልሆነው» ግልጽ እንዳልሆነ ይቆጠር፣ ምንም ነጥብ አይታሰብለት።

አመልካቾች ከማመልከቻቸው ጋር የተሳታፊዎችን ፍሰት፣ ያልተመሳከሩትንና ውጤት አልባ የሆኑትን ሰዎች ቁጥር፣ የመለያ ወሰኑ መቼ እንደተወሰነ፣ እንዲሁም ውጤቱን ያነበቡት ሰዎች የአምራቹ ሠራተኞች መሆን አለመሆናቸውን እንዲያቀርቡ ይገደዱ።

በአዲሱ ቅጽ ያለፉት መመርመሪያዎች፣ ከላይ የጠቀስናቸው የቆሽት ካንሰርና የአልትራሳውንድ ሰነዶች ቅድሚያ ተሰጥቷቸው፣ በቀድሞው አሠራር ዳግም ይገምገሙ። ግምገማው እስኪያልቅ ድረስ ፈቃዳቸው ይታገድ፤ ወደ ሥራ የገቡ ካሉም የሚያዙአቸው ሐኪሞች በጽሑፍ ይነገራቸው።

ኮሚቴው ከግምገማችን የተለየ ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱን ጽፎ ከግምገማው ጋር አብሮ ያውጣ። የመወሰን ሥልጣኑ የእናንተ መሆኑን አንክድም፤ የምንጠይቀው የተለየው ነገር በምን እንደተለየ እንዲታወቅ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን፣ ቅጹንም በጋራ የምናይበት ስብሰባ እንዲጠራ እየጠየቅን፣ እስከዚያው ድረስ በድምር ነጥብ በተዘጋጀ ሰነድ ላይ የገምጋሚነት ፊርማችንን እንደማናኖር እናሳውቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የምርመራ ጥናቶች ጥራት ገምጋሚ ቡድን አባላት

ግልባጭ፦
ለክሊኒካል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች
ለሐኪሞችና ለፓቶሎጂ ባለሙያዎች
ለሕመምተኞች ተወካዮች